ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈው

እናቴ የፈራችው ቢላዋውን አልነበረም፤ ድምፅዋን እንዳይወስድባት ነው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ባለችው ሱቋ ለጠያቂዎች ሳሙናና ብስኩት ትሸጣለች። ከመንገዱ ማዶ "አንቺ ልጅ!" ብላ ስትጠራኝ በአካባቢው ያለች ሴት ሁሉ ዞር ትላለች። እንቅርቷ አብጦ ምግብ መዋጥ ሲያቅታት እንኳ፣ "ድዳ ሆኜ ከምኖር ቀዶ ጥገናው ይቅርብኝ" አለች።

እኔ ደግሞ ወረቀት አምናለሁ። አቃቂ አንድ ክሊኒክ በር ላይ የቀዶ ሐኪሙ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ቆሜ ደብተር ላይ ገለበጥኩት። የት እንደተማረ፣ በምን እንደሰለጠነ፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እንደሚገኝ። ቤት ገብቼ እንደ ዳዊት አነበነብኩላት።

"ይሄ የተማረበት ነው። እሱ የቀደዳቸው ሰዎችስ የታሉ?" አለችኝ።

በንዴት ጦፍኩ። ቢሆንም ሰው አጠያይቄ እሱ ያከማትን አንዲት ሴት አገኘሁ፤ ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም እጣ ደርሷት ገና መግባቷ ነው። እናቴን እያሳረፍኩ አራተኛ ፎቅ ወጣን። ሴትዮዋ ጠባሳዋን ልታሳየን ሻርፗን ስትፈታ እናቴ ዞር ብላም አላየችው።

"እስቲ ልጄ፣ ከዚህ ሆነሽ ጥበቃውን ጥሪልኝ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴትዮዋ ግን ስቃ በረንዳ ወጣችና "ጋሼ!" ብላ ጮኸች። ታች ያሉት ጥበቃ ቀና አሉ። እናቴ ደረጃውን ሳንጨርስ "ቀጠሮ ያዢልኝ" አለች።

ሐኪሙም አልዋሸንም። "የድምፅዎ ነርቭ እዚያው አጠገቡ ነው፣ እማማ። እጠነቀቃለሁ፤ ምንም አይሆንም ብዬ ግን አልምልልዎትም።"

"በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" አለች እናቴ፤ "ተረቱ እኔን አይቶ ነው የተተረተው።" ግን ፈረመች።

ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ ሐኪሙ "እስቲ ያናግሩኝ" አላት። የወጣው ሹክሹክታ ነበር። ሐኪሙ "አብጦ ነው፣ ይመለሳል" ቢለንም እኔ አላመንኩትም። ያስገባኋት እኔ ነኝ እያልኩ ራሴን ስረግም ከረምኩ። ሱቋን ከፍታ በሹክሹክታ ስትሸጥ፣ ገዢዎቹም ሳይታወቃቸው በሹክሹክታ "ሳሙና አለ?" ይሏታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ከወር በኋላ አንድ ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ ከመንገዱ ማዶ "አንቺ ልጅ! ምሳሽን ረሳሽ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ተመስገን። ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ ታክሲውም አመለጠኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንገቷን በሻርፕ የጠቀለለች ሴት ሱቁ ደጃፍ መጥታ ቆመች። "እዚያ ሐኪም ጋ..." ብላ ሳትጨርስ እናቴ ገባት። እኔ እዚያው ከጎኗ ብስኩት እየደረደርኩ ነኝ። ደረቷን ነፍታ፣ መንገዱ እስኪሰማ፣

"አንቺ ልጅ!"

"አቤት!" አልኩ እኔም፣ ከማዶ እንዳለሁ ሁሉ ጮክ ብዬ።