ሙሉ ዕቃ አይናጥም

የሸዋ ሮቢቱ አደም ዕቃ አሳሪ ነበር። ጎልማሳነቱን ግመል ሲጭን አሳልፎ፣ የጭነት መኪና ሲበዛ ወደ ሳጥን ዞረ። «ጎዶሎ ዕቃ ይናጣል፣ ሙሉ ዕቃ አርፎ ይሄዳል» ይላል፤ ሌላ ሰው ያሰረውን አይቶ አያመሰግንም።

ደርግ የምሠራበትን ሆቴል በወረሰ በዓመቱ የቡናው ማሽን ወደ አዲስ አበባ ይላክ ተባለ። አደም ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ዙሪያውን ጭድ ጠቀጠቀበት። ከዚያ በፊት ግን እንደ ግመል ጭነት እስከ አፉ ውሃ ሞላው። ማሽኑ ላይ የምሠራው እኔም አልከለከልኩትም፤ የቆላ ልጅ ነኝ።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። መኪናው ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ላይ ነዳጅ አጣና ሦስት ሌሊት ቆመ። ሾፌሩ ሲመለስ፣ ውሃው ውስጥ ለውስጥ በረዶ ሆኖ የማሽኑን ቧንቧዎች እንደሰነጠቃቸው ነገረን።

«በረዶ ከሰማይ ይወርዳል እንጂ ማሽን ውስጥ ምን ይሠራል?» ብሎ አደም ጮኸበት። «ጥላችሁት ነው!»

ሾፌሩን ሊያሳፍር በሚቀጥለው ጭነት አብሮት ወጣ። ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ የከብት ገንዳ በረዶ ሠርቶ አገኘ። በድንጋይ ሰብሮ ቀመሰው። ለሚስቱ ለዘይቱና ሊያሳያት በጣሳ ሞላ፣ ክዳኑን ጥርቅም አደረገ፣ በጭድ ጠቀለለና እስከ ሸዋ ሮቢት ጭኑ ላይ ይዞት ወረደ።

ዘይቱና ጣሳውን ከፍታ አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሃ እኮ እኛም ጋ አለ» አለችው።