ለካሜራ የተንበረከከው ነጋዴ

ንጋት፣ ሰባታሚት

ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ከሰፈሬ ባጃጅ ተሳፈርሁ። ሾፌሩ ወደ ዘጌ እንደምሻገር ሲሰማ፣ «አባባ፣ ሊመነኩሱ ነው እንዴ?» ይለኛል። ባነዳዱ ሳንመነኩስ እንዳንሞት ቀስ እንዲል ለመንሁት። ሳቀ እንጂ ቀስ አላለም።

የምሄደው ለሽምግልና ነው። አንድ የዓባይ ማዶ ነጋዴ ልጁን ሲድር፣ ታላቅ ወንድሙን አለባበስህ አያምርም ብሎ ከክቡር እንግዶች መሀል አስነሣው። ታላቅየው እህል ሳይቀምስ ዘጌ ወዳለው ቤቱ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ተኳርፈዋል። አሁን እናታቸው አልጋ ይዘዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያዩ እንዳይሞቱ ይማጸናሉ።

ረፋድ፣ ጀልባ ላይ

ጣና ረግቷል። የደንገል ሸምበቆ የጫነ ታንኳ በጎናችን ያልፋል። አብረውኝ የሚሸመግሉት መሪጌታ ቆሎ ዘገኑልኝ። ነጋዴው ካሜራ ያነገተ ጎልማሳ አስከትሏል። ገዳማቱን የሚያነሣ መሰለኝ።

ቀትር፣ ዘጌ

በቡናው ጥላ አቀበቱን ወጣን። ታላቅየው ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀን። እርቅ ሳይወርድ መቀመጥም መብላትም ነውር ነውና እኛም ቆምን። ነጋዴው እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ሊንበረከክ ሲል ባለካሜራው፣ «ጋሼ፣ ፀሐዩ ከኋላዎ ሆነ፤ ወደዚህ ይዙሩልኝ» አለው።

ዞረ! ጀርባውን ለወንድሙ ሰጥቶ ለካሜራ ተንበረከከ።

ደሜ ፈላ። እርቅ ሠርግ ነው እንዴ? ማንን ይቅር በለኝ እንደሚል ጠየቅሁት።

«አባቴ፣ በሠርጉ ቀን ያዩኝ ሁሉ ይቅርታ መጠየቄን በምን ይወቁልኝ?» አለ።

መሪጌታም ተቆጡ። ደግ ሥራ እንደ ዘር ነው፣ አፈር ካልለበሰ አይበቅልም አሉት። እሱ ግን ድንጋዩን እንደተሸከመ ባለካሜራውን ያያል።

ታላቅየው ያን ጊዜ ተናገረ።

«ያኔም ያስነሣኸኝ ሰው ምን ይለኛል ብለህ ነው። ዛሬም የምትንበረከከው ሰው ምን ይለኛል ብለህ ነው። እኔ መቼ ነው የምታየኝ?»

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። ባለካሜራው ሳይታዘዝ ካሜራውን ከረጢቱ ከተተ። ነጋዴው በጉልበቱ ዞሮ፣ አፈሩ ላይ፣ የወንድሙን እግር ያዘ። ታላቅየው ቶሎ አላነሣውም፤ እኔም አንሣው አላልሁም። በደሉ ያስቆጣል እኮ! ቆይቶ ግን ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት።

ማታ፣ ዓባይ ማዶ

እናትየው የሁለቱንም እጅ ያዙ። ማን እንደበደለ፣ ማን እንደተንበረከከ አልጠየቁም። «እራት በላችሁ?» ብለው ብቻ ጠየቁ።