በልብሱ አንገት ላይ የሰፋነው ስም

ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው ግፍ ይህ ነው፤ እኔና ማርታ አስበን ያወጣነው፣ በየተማሪው ልብስ አንገት ላይ የሰፋነው የሱቃችን ስም ኢንተርኔት ላይ በሌላ ሰው ተመዝግቦ ነበር። ሰውዬው በጨለማ አልሰረቀንም። በቀን፣ በፈገግታ፣ እኛው ሻይ ጋብዘነው ነው የወሰደው።

ነገሩን ያስታወሰችኝ ባለፈው ቅዳሜ ሱቃችን የመጣች አንዲት ወጣት እናት ናት። ቤቷ ኬክ እየጋገረች መሸጥ ጀምራለች። የልጇን ትከሻ እየለካሁ ሳለ፣ “እማማ፣ እናንተ ዌብሳይታችሁን የት አሠራችሁ? እኔ ጋ የመጣው ልጅ ሁሉንም ራሴ እጨርሰዋለሁ፣ አንቺ ምንም አታስቢ ብሎኛል” አለችኝ።

ሜትሩን አወረድኩት። “ምንም አታስቢ ካለሽማ ማሰብ ያለብሽ አሁን ነው” አልኳትና ቁጭ አድርጌ ነገርኳት።

የልጅ ልጄ ህሊና ደግሞ የወጣትነትሽን ታሪክ ጻፊልኝ እያለች ስትነዘንዘኝ ከርማለች። እውነቱን ለመናገር በወጣትነቴ ወጣት ለመሆን ጊዜ አልነበረኝም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ስፌት ፋብሪካ ገባሁ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። ደሜ የሞቀው፣ ጠዋት ስነሳ ዛሬ ምን እንሠራ ይሆን ብዬ የጓጓሁት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ፣ የራሳችንን ሱቅ ስንከፍት ነው። ስለዚህ ወጣትነቴ ብዬ የምጽፈው እሱን ነው። የማይስማማው ካለ የራሱን ይጻፍ።

ማርታን ያወቅኋት ፋብሪካው ውስጥ ነው። ከአርባ ምንጭ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ካልዘመረች ማሽኗ የሚንቀሳቀስ አይመስላትም። እኔ ደግሞ አቦን ሳልሳለም ሥራ አልጀምርም። በሃይማኖት ተጣልተን አናውቅም፤ በቁልፍ አሰፋፍ ግን በየቀኑ እንጣላ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ሁለታችንም ወጣንና ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ተከራየን። ሥራችን የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ሆነ።

የተማሪ ልብስ መጀመሪያ የሚቀደደው ኪሱ ነው። ብይ ይከቱበታል፣ ጠጠር ይከቱበታል፣ የተገመሰ ብስኩት ይከቱበታል። እኛ ኪሱን በድርብ ጨርቅ እንሰፋ ነበር። “በቃ ስማችን እሱ ይሁን” አለች ማርታ አንድ ቀን፣ “ጠንካራ ኪስ።” መጀመሪያ ሳቅኩባት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ከዚያ የተሻለ ስም አጣሁ።

ህሊና በነጻ የቴሌግራም ቻናል ከፈተችልን። የሰፋነውን ፎቶ እያነሳን እንለጥፋለን፣ ወላጆች የልጆቻቸውን ልኬት ይጽፉልናል። ጥሩ ነበር። ነሐሴ ሲገባ ግን መልእክቱ እንደ ጎርፍ ይመጣል፤ የአንዱ ቁመት ከሌላው ወገብ ጋር ይደባለቅብናል። አንዴ ለአንድ ቀጭን ልጅ ሁለት እሱን የሚይዝ ሱሪ ሰፍተን፣ እናቱ “ለአባቱ ይሆናል” ብላ እየሳቀች ወሰደችው። እሷ ሳቀች እንጂ እኔ አልሳቅኩም። ወላጆች ልኬቱን ራሳቸው በየቦታው የሚሞሉበት የራሳችን ገጽ እንደሚያስፈልገን ያን ቀን ገባኝ።

ጨርቅ ስገዛ ቀለሙ አያታልለኝም። ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ፣ በጣቴ እሻዋለሁ፣ ሲታጠብ ምን እንደሚሆን እጠይቃለሁ። ዌብሳይቱንም እንደዚሁ ልገዛ ተነሳሁ። መጀመሪያ የሄድንበት ቢሮ ያለው ልጅ በሦስት ቋንቋ የሚሠራ፣ ለደንበኛ ራሱ መልስ የሚሰጥ ነገር እሠራላችኋለሁ አለን።

“ልጄ ክረምቱን ረዘመ፣ የሱሪውን እጥፋት ልቀቁልኝ የሚል ሲመጣስ ምን ይመልሳል?” አልኩት።

ልጁ ማርታን አየ፤ ማርታ ጣሪያውን አየች። ተነስተን ወጣን።

ቀጥሎ ዌብሳይት በነጻ የሚያሠራ ነገር አለ ተባልን። ህሊና ሞከረችው። ከልብሳችን ፎቶ ሥር የክብደት መቀነሻ ሻይ ማስታወቂያ ይወጣል። “ምናልባት ለዚያ ለሰፊው ሱሪ አስበውልን ይሆናል” አለች ማርታ።

በመጨረሻ ጎፋ ያለውን ናሆምን አገኘን። ዝናብ ነበር፤ ከታክሲ ወርደን ኮብልስቶኑ እስኪያልቅ በጫማ፣ ካለቀ በኋላ በጭቃ ሄድን። ናሆም የዋህ ፊት ያለው፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ወጣት ነው። የሠራውን ሥራ ያሳየን በራሱ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም፤ ስልኬን ተቀብሎ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀው አሮጌ ስልኬ ላይ ከፍቶ አሳየኝ። ቶሎ ተከፈተ። ወደድኩት። ዋጋውም የምንችለው ነበር።

ሱቃችን መጥቶ ሻይ እየጠጣ አንድ ነገር ብቻ ቀረ አለ። “የዌብሳይቱ ስም የሚገዛው በውጭ ገንዘብ ነው፤ የእናንተ የባንክ ካርድ አይሠራም። ወንድሜ ውጭ አገር ነው ያለው፣ በእሱ ካርድ እጨርሰዋለሁ። ማዘር፣ እርስዎ ምንም አያስቡ።”

ሰው በወንድሙ ካርድ ከፍሎልህ “በማን ስም ነው ያስመዘገብከው?” ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ውለታ የዋለ ሰው አይመረመርም፣ ይመረቃል። እኛም መረቅነው።

ሥራው ተቃና። ከለቡ፣ ከጀሞ፣ ከፉሪ ሳይቀር ወላጆች ቤታቸው ሆነው ልኬት ይልካሉ፤ የሚደባለቅ ነገር ቀረ። ማርታ የዌብሳይቱን አድራሻ በትንሽ ጨርቅ አሳተመች፤ በየልብሱ አንገት ላይ ሰፋነው። መስከረም ሲጠባ መንገድ ዳር ቆሜ ተማሪዎቹ ሲያልፉ አይ ነበር። አንገታቸው ሥር የእኛን ስም ይዘው ይሮጣሉ። እንዲያ ኮርቼ አላውቅም። ኩራቴም አፍ አውጥቶ፣ ከእኛ ፊት ለፊት ሶፋ ለሚሠራው ለጋሽ ደምሴ፣ ለዳቦ ቤቷ፣ ለጸጉር ቤቷ፣ ለሁሉም “ናሆም ጋ ሂዱ” እያልኩ ላክኋቸው።

በሚቀጥለው ነሐሴ ናሆም ገጹን ለማስቀመጥ የምንከፍለውን የዓመት ክፍያ በእጥፍ ጨመረ። ህሊና ገጹን በቀድሞው ዋጋ የሚያስቀምጥልን ሌላ ድርጅት አገኘች። እኔም ደውዬ “ልጄ፣ አመሰግናለሁ፣ እኛ ልንዛወር ነው” አልኩት።

“ይችላሉ ማዘር” አለኝ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ። “ስሙ ግን የእኔ ነው። በእኔ ነው የተመዘገበው። ሌላ ስም ማውጣት ይኖርባችኋል።”

ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የዓመቱ ሥራችን ሁሉ በዚያ ወር ነው። አድራሻው በስንት ልጅ አንገት ላይ ተሰፍቷል። ያ ስም ከሄደ ወላጆች የሚያገኙን የት ነው? እንደገና ከባዶ ልንጀምር ነው።

በዚያው ሰሞን የናሆም ልጅ ዩኒፎርም ሱቃችን ተሰቅሎ ነበር። ጨርቁን ራሱ ገዝቶ አምጥቶ ነው ያሰፋን።

“እንያዝበት!” አለች ማርታ። “ስማችንን ይመልስ፣ ልብሱን ይውሰድ።”

“ልጅቷ ምን አደረገችን?” አልኳት። “ሥራሽን ቀጥይ።”

በማግስቱ ልብሱን ተኩሼ፣ ትራፊውን ጨርቅ አጣጥፌ፣ የተረፈችውን አንድ ቁልፍ ሳይቀር በፌስታል አድርጌ ከማርታ ጋር ጎፋ ሄድን። በእኛ ሙያ ደንበኛ ባመጣው ጨርቅ ስትሰፋ ቁርጥራጩ የደንበኛው ነው። መዳፍ ብታክልም ትመልሳለህ። የማይመልስ ሰፊ ሞልቷል፤ እኔ እነሱን ሰፊ አልላቸውም።

ናሆም ፌስታሉን ከፈተና “ይሄ ምንድነው?” አለ።

“ትራፊው ነው። ጨርቁ ያንተ አይደል? እኔ የሸጥኩልህ የእጄን ሥራ ነው።” ከዚያ ጠየቅኩት። “ስሙን ያወጣነው እኛ ነን። ፎቶው የእኛ ነው፣ ደንበኞቹ የእኛ ናቸው። አንተ ሰፋህልን፣ የስፌትህን ከፈልንህ። ታዲያ ጨርቃችን እንዴት አንተ ጋ ቀረ?”

ናሆም ትራፊውን መልሶ ፌስታሉ ውስጥ ከተተ። ከዚያ በሩን ዘጋ አድርጎ፣ “እሺ ማዘር። የእናንተን ዛሬውኑ አዛውራለሁ። ለሌሎቹ ግን እንዳይነግሩብኝ” አለ።

ማርታ ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራትም፤ ፊቷ በርቷል። እኔ ግን ሶፋው ላይ አጎንብሶ ምስማር የሚመታው ጋሽ ደምሴ ታየኝ። “የጋሽ ደምሴስ ስም በማን ነው የተመዘገበው?” አልኩ።

“እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።”

“እኔ ነኝ አንተ ጋ የላክሁት። እንዴት ሌላ ጉዳይ ይሆናል? የሁሉንም ትመልሳለህ፤ ካልሆነ የእኛንም አልወስድም።”

ወጣን። ማርታ ከእኔ ቀድማ ወደ ታክሲው መንገድ ገሰገሰች። መንገድ ዳር ከሰል ላይ በቆሎ የምትጠብስ ሴትዮ ጋ ስንደርስ ሁለት ገዛሁና አንዱን ዘረጋሁላት። ትኩስ ነው፣ ጢሱ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ደስ ይላል። ተቀብላ አንድ ረድፍ ፈልፍላ በላችና፣ “አስካለ፣ አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም!” አለችኝ። “እጃችን የገባውን! በሰው ሶፋ ምን አገባን?”

“አገባኝ።”

“ዳቦ ቤቷ ባለፈው የደረቀ ዳቦ ነው የሸጠችልሽ!”

“የደረቀ ዳቦ ብትሸጥም ስሟ የእሷ ነው።”

ማርታ ሳትፈልግ ሳቀች፤ የበቆሎው ፍሬ ትን አላት። ጀርባዋን እየመታሁ ታረቅን።

ናሆም ገጹን ዘጋው። አድራሻውን የነካ ሁሉ ነጭ ባዶ ነገር ያያል። እኛ ወደ ቴሌግራሙ ተመለስን፤ ህሊና ለወላጆች እየጻፈች፣ ማርታ እየደወለች፣ እኔ ልኬቱን በጨርቁ ጫፍ ላይ በጠመኔ እየጻፍኩ። የቀረብን ደንበኛ ቀላል አልነበረም። ማርታ መዝሙሯን አቁማ የሰፋችበት ቀን ነበር፤ የማሽኑ ድምፅ ብቻውን ይሰማ ነበር፤ ቃሌን ግን አላጠፍኩም።

በመካከሉ ናሆም የሠራላቸውን ሁሉ ጋሽ ደምሴ ቤት ሰበሰብኳቸው። ጨርቅ ያልለበሱ ሶፋዎች ላይ ተቀምጠን ነገርኳቸው። ጋሽ ደምሴ ሽማግሌ እንላክ አለ። “ሽማግሌ የሚላከው ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ሲያጠፋ ነው” አልኩት። “እኛ ምን አጠፋን? እያንዳንዳችን ሄደን ስሙ በማን እንደተመዘገበ እንጠይቀው። አንጮህም፣ አንሳደብም። እስኪመልስ ድረስ ደግሞ የሚቀጥለውን ክፍያ አንከፍልም።”

ሄዱ። ጠዋት ዳቦ ቤቷ፣ ከሰዓት ጸጉር ቤቷ፣ በማግስቱ ጋሽ ደምሴ። ሁሉም ያንኑ ጠየቁ፣ ሁሉም መልስ ሳያገኙ ሻይ ተጋብዘው ተመለሱ። እንደገና ሄዱ።

ጳጉሜ ውስጥ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት፣ ናሆም ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ጋሽ ደምሴም መዶሻውን እንደያዘ ተሻግሮ መጣ።

“ማዘር፣ ጨርሻለሁ” አለ ናሆም። “የሁሉንም በየባለቤቱ አዛውሬያለሁ። ፓስወርዱንም ለህሊና ልኬላታለሁ፣ ትቀይረው። በቃ፣ ስሙን ሰጥቻችኋለሁ።”

ማርታ እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር። በእጄ ያዝኳት።

“እኔ ስጦታ አልጠየቅኩህም” አልኩት። “የጠየቅኩህ ጥያቄ ነው። ስሙ የማን ነው?”

ዛሬ ዌብሳይታችን በእኔና በማርታ ስም ነው፤ ሲበላሽ የሚጠግነውም ናሆም ራሱ ነው። እጁ ጎበዝ ነው፤ ለሠራበት ተገቢውን ይቀበላል፣ ከዚያ ያለፈ አይጠይቅም። ሰዎች ያን ጊዜ እልኸኛ ሆንሽ እንጂ ስሙን ከሰጠሽ ምን ቀረሽ ይሉኛል። የሰጠ ሰው ነገ ልቡ ሲቀየር መልሼ እወስዳለሁ ይላል፤ ያኔ ደግሞ አመስጋኝ ሆነን ልንለምነው ነው። እኔ ባለቤት ሆኜ ሳለ ለማኝ መሆን አልፈልግም። ከስድስተኛ ክፍል ብወጣም ይህን ለማወቅ ሰባተኛ አያስፈልግም። ስለዚህ ያን ጠዋት መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ፣ ዓይኑን እያየሁ ጠበቅኩት። መንገድ ላይ ታክሲዎች ይጮኻሉ። ናሆም መሬት አየ፣ ጋሽ ደምሴን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየኝ።

“የእናንተ ነው” አለ። “የእኔ ሆኖ አያውቅም።”