ከቡሬ የተዋስኩት ላፕቶፕ

ለቢሮ የሚሆን ላፕቶፕ መምረጥና ለመድረክ የሚሆን መምረጥ ለየቅል ነው። የቢሮው ቢንቀራፈፍ ጸሐፊዋ ሻይዋን ጠጥታ ትመለሳለች። ሰርግ ላይ ግን ሙሽሮቹ ድንኳን ሊገቡ ሲሉ «አንዴ ቆዩ፣ እያሰበ ነው» አይባልም። እኔ መቱ ውስጥ ኦርጋን እየተጫወትኩ የምተዳደር ሴት ነኝ፤ ሰርግ፣ ምርቃት፣ አንዳንዴም የቸርች ኮንፈረንስ። ያን ዓመት ፋሲካ እንዳለፈ የኦርጋኔ ሆድ ዕቃ በእርጥበት ተበላሸና ድምፅ አልሰጥ አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና፣ «ቁልፎቹ ደህና ናቸው። ላፕቶፕ ፈልጊና በኬብል አገናኚው፤ አንቺ ኦርጋኑን ትነኪያለሽ፣ ድምፁን ላፕቶፑ ያወጣልሻል» አለኝ። ከመቱ ቀረብ ባለችው ቡሬ የያዝኩት ሰርግ ደግሞ ደርሶ ነበር።

መቱ ያሉትን የላፕቶፕ ሱቆች አዳረስኳቸው። ኦርጋኔን በባጃጅ ጭኜ ስገባ ባለሱቆቹ ይሳሳቃሉ። አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ቂጣ የሳሳ ላፕቶፕ አወጣልኝ። ኬብሉን ሰካሁና አንድ ቁልፍ ነካሁ። ድምፁ የመጣው ጣቴ ከተነሳ በኋላ ነው። «ይቺ ለፊልም ማያ ናት» ብዬ መለስኩለት። የሌላው ሱቅ ላፕቶፕ ፈጣን ነበር፤ ሶኬቱን ንቀልልኝ ስለው ግን ድርግም አለ። መብራት በሚመላለስበት አገር ባትሪ የሞተ ላፕቶፕ ምን ያደርግልኛል? ሁለቱንም አልፈልግም ስል ባለሱቁ፣ «እህቴ፣ የምትመርጪው ላፕቶፕ ነው ወይስ ባል?» አለኝ። «ባልማ ቢያንቀላፋም ይቀሰቀሳል» አልኩትና ወጣሁ።

የምፈልገውን ሁሉ የሚያሟላ አንድ ላፕቶፕ አውቅ ነበር። ባለቤቱ የቡሬ ልጅ፣ የኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ በጣም ብቀናበትም ከኔ ይበልጣል። ያ ወፍራም ጥቁር ላፕቶፑ ጣቱን ተከትሎ ሳይሆን ከጣቱ እኩል ይጮህለት ነበር። ልጁ ከመቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ላፕቶፑ የት እንደገባ ለመጠየቅ አፍሬ ተውኩት።

ለካ የሰርጉ ድንኳን የሚጣለው ከእናቱ ቤት አጥር ስር ኖሯል። በኛ በኩል ጎረቤት ሐዘን ካለ ሰርገኛ ዝም ብሎ ሙዚቃ አይከፍትም፤ ሽማግሌ ይልካል፣ ፈቃድ ይጠይቃል። የሙሽራው አባት ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ሲሄድ፣ «ማን እንደሚጫወት ይወቁ» ብሎ እኔንም አስከተለኝ። እናትየው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው ተቀበሉን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እትዬ፣ የሚያገባው የእርስዎም ልጅ ነው። ሳይፈቅዱልን ከበሮ አንመታም» አሉ፤ ያንኑ መልሰው በኦሮምኛ ደገሙት።

እናትየው አጥራቸውን አሻግረው አዩ። ከዚያ፣ «ይሁን። ደስታ አይከለከልም። ብቻ በልጄ ዕቃ ይጫወቱ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔ ማንንም ሳልጠብቅ «እሺ እማማ» አልኩ። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ነውር ነው፣ ግን ዘለለ።

ወደ ልጃቸው ክፍል ይዘውኝ ገቡ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ላፕቶፑ ክዳኑ እንደተዘጋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ ቻርጀሩ ተሰክቷል። በጎኑ አንዲት ትንሽ ነጭ መብራት አለች። ቀስ ብላ ትደምቃለች፣ ቀስ ብላ ትከስማለች፣ ጠፋች ስትባል ተመልሳ ትመጣለች።

«ይተነፍሳል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሕፃን የተኛበት ቤት እንደሚባለው።

ልጃቸው ላፕቶፑን ሳያጠፋ ክዳኑን ብቻ ዘግቶት ነው የወጣው። እንዲያ የተዘጋ ላፕቶፕ ይተኛል፤ ባትሪው እስካለ ድረስ ተከፍቶ የነበረው ሁሉ እንዳለ ይቆያል። እሳቸው ግን መብራቷ ከጠፋች ልጃቸውም ለሁለተኛ ጊዜ የሚጠፋ መስሏቸዋል። መብራት በሄደ ቁጥር በፌስታል ጠቅልለው፣ በዝናብም ቢሆን፣ ጄኔሬተር ያለው ወፍጮ ቤት ወስደው ሲያስሞሉት ከርመዋል። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ እህል የያዘ ሁሉ ቦታ ይለቅላቸው ነበር አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር፤ እኔ ምላሴም ሳቄም አያርፍም። ያን ቀን ግን አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም የሚሉት ግማሹ እውነት ነበር። ሳያስቀምጠው፣ «ሴቭ» ሳያደርገው ማለት ነው፣ የተወው ሥራ ካለ፣ ላፕቶፑ የጠፋ ዕለት አብሮ ይጠፋል።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ክዳኑን ገለጥ አደረግኩት። «ቀስ ብለሽ» አሉኝ ከኋላዬ ቆመው።

ስክሪኑ በራ። ከፊቴ የተከፈተው ዘፈን ነው፤ የመቅጃዋ ቀይ ምልክት በርታለች፣ መስመሩም ወዲያው መንቀሳቀስ ጀመረ። ልጁ መቅዳቱን ሳያቆም ነው የዘጋው። ከተኛበት ሲነቃ ካቆመበት ቀጠለና እኛን መቅዳት ያዘ። በድንጋጤ አቆምኩትና ሥራውን አስቀመጥኩት። ከዚያ ትንሽ ወደኋላ መለስኩና አጫወትኩት።

መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ተሰማ። ኦርጋን፣ ከኦርጋኑ ጋር የሚያንጎራጉር ልጅ። ከሩቅ አንዲት ሴት ስትጣራ ይሰማል። ልጁ መጫወቱን ሳያቋርጥ፣ «ቶሌ አዮ፣ ይቺን ልጨርስ» አለ፤ እሺ እናቴ ማለቱ ነው። ወዲያው፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይገባበት፣ እናቱ ከቅርብ «ቀስ ብለሽ» አሉ። ከዚያ የኔ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

ክው አልኩ። በሁለቱ ድምፆች መሀል ሞትና ቀብር አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ላፕቶፑ ግን ተኝቶ ነበርና ይህን ሁሉ አያውቅም። ለሱ ልጁ ተናገረ፣ እናቱ መለሱ።

እናትየው አላለቀሱም። «የምትጣራው ማን ናት?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት እማማ።»

«ለምን ነበር የጠራሁት?» አሉና ግንባራቸውን ያዙ። «አሁን ለምን እንደጠራሁት ትዝ አይለኝም።» አልጋው ላይ ተቀመጡ። ቆይተው፣ «እሑድ ሰርጉ ላይ ይጨርሳት። ከጨረሰ እኔው ራሴ አጠፋዋለሁ። ሳይጨርስ ግን እጄ እሺ አይለኝም» አሉ። ዘፈኑ ተቀምጧል፣ ከእንግዲህ ላፕቶፑ ቢጠፋም እሱ አይጠፋም ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እሱን አላውቅም። ልጨርስ ብሎኛል፣ ይጨርስ።»

እስከ ሰርጉ ቀን እዚያው ክፍል ቀን ቀን ተቀምጬ ዘፈኑን ተለማመድኩ። ልጁ የቀዳው የግራ እጁን ነበር፤ የቀኙ ቦታ ባዶ ነው። እኔ በቀኝ እጄ ባዶውን ሞላሁት። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ነክቼ አላውቅም፤ አንዳንዴ ጣቴ ቁልፉ ላይ ሳያርፍ ድምፁ የሚቀድመኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ከሰዓት ተሳስቼ ወደኋላ ቀረሁ። በግራ ያለው ጨዋታ እስክደርስበት ጠበቀኝ። ጆሮዬ ነው ብዬ ብተወው ደስ ይለኝ ነበር፤ የተቀዳ ነገር ሰው አይጠብቅም። ተነስቼ ደጅ ወጣሁና ዝናቡ ላይ ቆምኩ።

እሑድ ሙሽሮቹ ገቡ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ። ያን ዕለት መብራት አንዴም አልሄደም፤ ቡሬ ላይ ይህ ራሱ ሰው ያስፈራል። ሰዉ በደንብ ሲሞቅ የልጁን ዘፈን ከፈትኩ። እንግዶቹ ዝም ብለው ትከሻቸውን ሰበቁ። የሰፈሩ ሰዎች ግን እጁን አወቁት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጭፈራቸውን አቁመው የኔን ጣቶች አፍጥጠው ያዩ ጀመር። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ አጥሩ ዞሩ።

ድምፁን እንድቆርጠው እናትየው አልፈቀዱልኝም ነበር። በዚያ ሁሉ ስፒከር «ቶሌ አዮ፣ ይቺን ልጨርስ» ሲል እግር ሁሉ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የሱ የሚባል ነገር የለም። የቀረችውን እኔ ብቻዬን ተጫወትኩና፣ ቢሄድ ወደዚህ ይሄድ ነበር ያልኩት ቦታ ላይ አሳርፌ እጄን አነሳሁ።

እናትየው በሰው መሀል መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ጨረሰ?»

«ጨረሰ እማማ።»

«በየት ነው የሚጠፋው?» አሳየኋቸው። ተጭነው ያዙት። ስክሪኑ ጨለመ። ክዳኑን ዘጉትና መብራቷ ትመለስ እንደሆነ ጠበቁ፤ አልተመለሰችም። መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አደረጉ።

«ይሞቃል» አሉኝ።

«ሲሠራ ስለዋለ ነው። አሁን ይቀዘቅዛል።»

«ልጄን ያመጡልኝ ቀዝቅዞ ነው። ሙቀቱ ሲለቀው አጠገቡ አልነበርኩም» አሉና የኔንም እጅ ስበው ከእጃቸው አጠገብ አስቀመጡት። «እስኪቀዘቅዝ አብረሽኝ ቁጪ።»

የሙሽራው አባት ከድንኳኑ ጫፍ ሙዚቃ እንድቀጥል በእጁ ጠቆመኝ። በእምቢታ ራሴን ነቀነቅኩበት። ሴቶቹ ከበሮ አነሱና ዘፈኑን በአፋቸው ያዙት፤ እኛ ሁለታችን እጃችንን ሳናነሳ ተቀመጥን።