የቆርቆሮው ሣጥንና የደስታ ክትባት

ከጦሩ የመገናኛ ክፍል እግሬን ተመትቼ ከወጣሁ በኋላ አርብ ገበያ ከተማ ገብቼ በቤቴ ራዲዮ እጠግን ነበር። ያለኝ መሣሪያ ካቻቢቴ፣ በከሰል የሚግል መበየጃና የባለቤቴ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛውን ያዋሰችኝ ለአንድ ሳምንት ነበር፤ ሁለት ዓመት አልፎታል።

በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት አንድ ጠዋት አንዲት መኪና በሁለት በሬ ተጎትታ ከተማችን ገባች። ከአንድ ባለጸጋ የተወረሰች ያማረች የቤት መኪና ናት። ለጋይንት መንገድ እንዳልተሠራች ከሩቅ ትታወቃለች፤ መንግሥት ግን ለከብት ሕክምና ሰጥቷት ነበር። ከኋላዋ በበረዶ የተሞላ ሣጥን፣ በውስጡም የደስታ ክትባት ተጭኗል። ደስታ ከብት የሚፈጅ በሽታ ነው፤ ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም።

ሾፌሩ ቤቴ መጥቶ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካርቡራተር የላትም» አለኝ።

«ወድቆ ነው?»

«ሲፈጥራትም የላትም።»

ሄጄ አየኋት። ካንዴላው እሳት ይሰጣል፣ ቤንዚኑም ይደርሳል። በካርቡራተር ፋንታ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ግን አይከፈቱም። ሽቦዎቻቸውን ስከተል አንድ የታሸገ የቆርቆሮ ሣጥን ላይ ደረስሁ። መቼ እንደሚከፈቱ የሚያዛቸው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ወጣቱ የከብት ሐኪም በረዶውን እየነካካ፣ «ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?» አለኝ።

«በረዶው እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«እስከ ዘጠኝ።»

«እንግዲያው እስከ ዘጠኝ ይፈጃል» አልሁት።

የሦስት መንደር ከብት በስማዳ መንገድ አንድ ሜዳ ላይ ተነድቶ ክትባቱን እየጠበቀ ነበር።

የቆርቆሮ ሣጥኑን፣ አንድ ኢንጀክተርና የመኪናዋን ባትሪ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ሁለት ሽቦዎች ይነካካሉ፤ ሣጥኑም ያን ጊዜ ኢንጀክተሩን «ተከፈት» ይለዋል። ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ስለማይወጣ ባለቤቴ ሞተር ሆነች። ሁለቱን ሽቦዎች ታነካካለች፣ ትለያለች። ኢንጀክተሩ ዝም አለ። በራዲዮ ድንጋይ ለብቻው ስነካው ግን «ቀጭ» አለ። እሱ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ያን ጊዜ ሣጥኑን መክፈት ነበረብኝ። አልከፈትሁም። ብሰብረው በጎንደር ምድር ሁሉ ምትክ የለውም። ስለዚህ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽሁ። ጨርሼም እንደገና ጀመርሁ፤ ሰዓቱም ሄደ።

«ሁለት ጊዜ አየኻቸው እኮ» አለች ባለቤቴ። «ሣጥኑን ፈርተኸው ነው?»

«አልፈራሁም።»

«እንግዲያው ክፈተዋ።»

ክዳኑን ሳነሳ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ከያዙ ሁለት ጠባቂዎች ጋር ገባ። ቤቴ ውስጥ ሽቦ ተዘርግቶ ቀጭ ቀጭ ይላል ብለው ነግረውታል።

«ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው?»

«ከማንም። ይህ የመኪና ዕቃ ነው፤ ቤንዚን ያዛል።»

«በማን ሥልጣን?»

ሾፌሩ ከውጭ ተጠርቶ መሰከረልኝ። ሊቀመንበሩ ግን ነገሩ እስኪያልቅ አልሄድም ብሎ ተቀመጠ። ጠባቂዎቹ በሩ ላይ ቆመው ብርሃኔን ከለከሉኝ፤ ባለቤቴ ፈቀቅ በሉ አለቻቸው፣ ፈቀቅ አሉ።

የሣጥኑን ውስጥ ሳየው ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ከመንገጫገጩ ብዛት አንዲት የተበየደች ነጥብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አውጥታለች። መበየጃውን ከሰል ውስጥ አግዬ ነካኋት። ባለቤቴ ሽቦዎቹን አነካካች።

ቀጭ።

«እስቲ እኔ ልሞክረው» አለ ሊቀመንበሩ። ሰባት ስምንት ጊዜ አነካካው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት።

መኪናዋ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣች። ደግማ ብትቆም ብለው እኔንም ጫኑኝ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። የሁለት መንደር ከብት እንደተከተበ ሐኪሙ እጁን ወደ በረዶው ሣጥን ሰደደና ክዳኑን መለሰው።

«ቀሪው ሞቋል። ከእንግዲህ ቢወጉትም ውኃ ነው።»

የሦስተኛው መንደር ሰዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ተመለሱ። አንድ ሽማግሌ ጥንድ በሬዎቻቸውን እየነዱ አጠገቤ ሲደርሱ፣ «እኔ ነኝ ያዘገየሁት» አልኋቸው።

«መኪናዋን የሰበርኻት አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። ሣጥኑን ለመክፈት ፈራሁ።»

የምን ሣጥን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «ሰው ይፈራል» ብለው አለፉ።

አዲሱ ክትባት በሁለተኛው ሳምንት በበቅሎ ተጭኖ መጣ። ደስታ ግን ቀድሞ ሦስተኛው መንደር ገብቶ ነበር። ከሽማግሌው በሬዎች አንዱ መሞቱን ስሰማ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ማሳቸው ላይ አገኘኋቸው፤ የቀረውን በሬያቸውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ያርሳሉ።

«እግዜር ይተካልዎ» አልኋቸው።

«አሜን» አሉኝ። በሬዎቹ ቆመው ስለነበር ጅራፋቸውን አንሥተው ወደ እርፋቸው ተመለሱ።