ለአባቴ ባጃጅ የተዘፈነ

ባለፈው ቅዳሜ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት ባጃጅ የእኔን ዘፈን ከፍቶ ነበር። ሾፌሩ አላወቀኝም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቅርጫት ሙሉ ማንጎ ታቅፈው፣ "ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትቆጣው?" አሉ።

"ተቆጥታ አይደለም እማማ፣ ራፕ እንዲህ ነው" አልኳቸው።

"እናቷ አልመከረቻትም?" አሉና አንድ ማንጎ ሰጡኝ።

እናቴስ በደንብ መክራኛለች። ለዚህ ያበቃኝ ግን የአጎቴ አንድ ጥያቄ ነው። ማንጎዬን እየላጥኩ እስከ ቤት ድረስ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ክረምት እያስታወስኩ ሄድኩ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ሦስት ዓመት ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ በእኔ ዕድሜ ግን ሦስት ዓመት ሩቅ አገር ነው። ያኔ ከጓደኛዬ ከሰላም ጋር ስልክ ላይ ተደፍተን የምንውለው ከአሜሪካ ደቡብ የሚመጣውን ራፕ ስንሰማ ነበር። ምቱ ዝግ ያለ፣ ከባድ፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚያንኳኳ። ዘፋኞቹ ቃሉን ይጎትቱታል። አገራቸው ሙቀት ነው ይባላል። የጋምቤላን ቀትር የሚያውቅ ሰው ቃል ለምን እንደሚጎተት ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። እኛም ቀትር ላይ የምንነጋገረው እንደዚያው ነው።

ሰላም እናቷ ነርስ ናት፣ ከደጋ የመጡ ናቸው። ምቱን፣ እኛ ቢት የምንለውን፣ የምትሠራው እሷ ናት፣ በስልኳ። እኔ በቤት ኑዌርኛ፣ ከእሷ ጋር አማርኛ እናገራለሁ፤ ስለዚህ የምገጥመው በአማርኛ ነበር። ምን እንደምገጥም ግን አላውቅም ነበር። ከሰማሁት ላይ ረጅም መኪና፣ የወርቅ ሐብል፣ ያላየሁትን መንገድ ሁሉ ሰብስቤ ትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ለቀቅኩት። ገና የመጀመሪያውን ስንኝ ስጨርስ፣ የክፍላችን ቀልደኛ ኦሞድ ከኋላ ጮኸ፦

"ኛቦል! ወርቁን ከየት አመጣሽው? ዲማ ወርቅ ማውጫው ወርደሽ ቆፈርሽ እንዴ?"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የሒሳብ መምህራችን ሳይቀሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ትከሻቸው ሲርገበገብ አየሁ። እኔ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩ። ሰላም ከእኔ በላይ ተናድዳ፣ "ሌላ እንሠራለን፤ ይሄን ኦሞድን አፉን የሚያስይዝ!" አለች።

ብዙም ሳይቆይ ከተማው ኳስ ሜዳ ላይ የወጣቶች ዝግጅት እንዳለ ሰማን። አንደኛ የወጣ ዘፋኝ አዲስ በተከፈተው ስቱዲዮ ዘፈኑ ይቀረጽለታል። እንቅልፍ አጣሁ። አባቴን ስለምነው ግን፣ "ታላቅ ወንድሜ ሳይሰማ እኔ ምን ብዬ እሺ እላለሁ? የእሱም ልጅ ነሽ" አለኝ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ባጃጁን የሚነዳው አባቴ ነው፤ እሺ የሚሉት አጎቴ ናቸው።

አጎቴ ከኢታንግ ከተማ ወዲያ ከብት ያረባሉ። የባሮ ወንዝ ጭቃ መስሎ በሚሞላበት ሰሞን፣ ቅል ወተት ይዘው መጡ። እናቴ የተቀቀለ ማሽላ አቀረበች፣ ወተቱን አፈሰሱበት፣ በሉ። ጉዳዬን ሰሙ። ከዚያ እጃቸውን አብሰው፣ "የእኛ ወጣት በበሬው ስም ይዘፍናል። የበሬውን ቀለም ይጠራል፣ ቀንዱን ያወድሳል። አንቺ በማን ስም ነው የምትዘፍኚው?" አሉኝ።

ያንን የወርቅ ሐብሌን ልጠራላቸው አልደፈርኩም።

ያኔ ተነሡና ሁለት ክንዳቸውን እንደ ቀንድ ወደ ላይ አጠፉ። እኔ ሳልወለድ ለሞተ ዥጉርጉር በሬ ዘፈኑ። ደረቁ ሽማግሌ ልጅ ሆኑ። ስለ ቀንዱ ስፋት ተኩራሩ፣ የጎረቤታቸውን በሬ ሰደቡ፣ ትንፋሻቸው እስኪያጥር ድረስ ቃል በቃል ላይ ደራረቡ። ሲቀመጡ፣ "እሑድ ከቸርች በኋላ እመለሳለሁ። እስከዚያ መልስ ካላገኘሽ ኳስ ሜዳ ላይ አትቆሚም" አሉ።

ሮጬ ሰላም ቤት ገባሁ። "አጎቴ ራፐር ናቸው!" አልኳት።

"ጤና የለሽም።"

"እውነቴን ነው! የበሬያቸውን ስም ይጠራሉ፣ ይኩራራሉ፣ ተቀናቃኙን ይሰድባሉ። ምን ቀራቸው?"

"ቢት" አለች ሰላም። ቀጥላም፣ "ደግሞ አንቺ በሬ የለሽም" አለችኝ።

የለኝም። የከተማ ልጅ ነኝ። በሬ የማውቀው መንገድ ዘግቶ አባቴ ጥሩንባ ሲነፋበት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጁን ላጥብ ወንዙ ዳር ወረድኩ፤ የእኔ ሥራ ነው። የጎማውን ጭቃ ፍቄ፣ ጣሪያውን ወልውዬ፣ መስታወቶቹን ሳደርቅ ቀና አልኩ። ሁለቱ መስታወቶች ግራና ቀኝ ወጥተው ቆመዋል። ቀንድ! ጨርቁን ጥዬ ሳቅሁ። አጠገቤ ልብስ የምታጥብ ሴት ቀና ብላ አየችኝና ሳሙናዋን ይዛ ትንሽ ራቅ አለች።

እሑድ አጎቴ በር ላይ፣ ጥላው ሥር ተቀመጡ። አባቴ፣ እናቴ፣ ጎረቤትም አለ። ሰላም ስልኳን ባዶ ባልዲ ውስጥ አስገባችው፤ ምቱ ወፍራም ሆነ። እጆቼን እንደ ቀንድ አጠፍኩ፦

"ሰማያዊ ቆዳው፣ ነጭ ነው ግንባሩ፣
መስታወት ቀንዶቹ በፀሐይ ሲያበሩ፤
ሦስት ነው እግሩ፣ አይሰንፍም ለአፍታ፣
ባሮን ይሻገራል ከጠዋት እስከ ማታ!"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ መሬት መሬት አየ። አጎቴ ፊታቸው አልተፈታም።

"ጎደለ" አሉ ስጨርስ።

"ምኑ ጎደለ አጎቴ?"

"በሬ ከሰማይ አይወርድም። ማን ሰጠሽ? የሰጠውን ሳይጠሩ መዝፈን የት ይታወቃል?"

አባቴን አየሁት። ከማለዳ እስከ ምሽት ባጃጁ ውስጥ ታጥፎ የሚውል ረጅም ሰው። እዚያው ቆሜ፣ ሰላምን "ድገሚው" አልኳት፦

"አባቴ ነው ያመጣው በላቡ በደሙ፣
ከእንግዲህ በየሜዳው ይጠራ ስሙ!"

የአባቴን ስም በኑዌርኛ፣ እስከ አያቱ ድረስ ጮኼ ጠራሁ። አባቴ ተነሥቶ ወደ ባጃጁ ሄደ፤ ሞተሩን የሚያይ መሰለ፤ ሞተሩ ግን ደህና ነበር። አጎቴ ቀስ ብለው ሁለቱን ክንዳቸውን አነሡ።

"ሂጂ፣ ዝፈኚ" አሉኝ። "እኔም እመጣለሁ። የሚስቅ ካለ አየዋለሁ።"

ኳስ ሜዳው ላይ አጎቴ ፊት ለፊት ቆመው ክንዳቸውን ሲያጥፉ፣ ዙሪያቸው ያሉት ልጆችም አጠፉ። እኔ ከመድረክ የማየው የቀንድ ጫካ ሆነ። ኦሞድም አጥፎ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዛሬ ቢጠይቁት ይክዳል። አንደኛ የወጣው ግን አንድ መዝሙር የዘመረ ልጅ ነው፤ በእውነት ድምፁ ያምራል። እኔ ሁለተኛ ሆንኩ፣ ስቱዲዮውም አመለጠኝ። በማግስቱ ከሰላም ጋር ስቱዲዮው በር ላይ ተገኘን። "ዛሬ አይሆንም" አሉን። ደግመን ሄድን። ክረምቱ አልቆ ባሮ እስኪጎድል ተመላለስን፤ በመጨረሻ ባለቤቱ፣ "ግቡ፣ ከእናንተ ዘፈናችሁ ይሻለኛል" አለ።

ዛሬ ሦስተኛ ዘፈኔን እየሠራሁ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም አለብኝ፤ ሁለቱንም አልለቅም።

ትናንት አጎቴ ደወሉ። ከብት ጠባቂዎቹ ወጣቶች ዘፈኔን ተምረውት ለበሬዎቻቸው ይዘፍኑታል አሉኝ። "ሦስት ነው እግሩ" ባልኩበት አራት አስገብተውበታል፤ አባቴን በጠራሁበትም እያንዳንዱ የራሱን አባት ይጠራል።

"አልከፋሽም?" አሉኝ።

መጀመሪያ ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም። ለዚያች ዘፈን ስቱዲዮ በር ላይ ስንት ተመላልሻለሁ! ኋላ ግን አሰብኩት፤ እዚያ ወንዝ ማዶ፣ እኔ በማላውቃቸው ልጆች አፍ፣ እኔ የማላውቃቸው አባቶች ስማቸው እየተጠራ ነው።

"ቢቱን ይፈልጉታል?" አልኳቸው። "ሰላም ትልክላቸዋለች።"