እርምጃዋን የማታረዝመው ሴት

ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት ከሰሚት ታክሲ ተሳፍራ ሀጀር አጠገብ ትቀመጣለች። የወንድ ሰዓት ታስራለች፤ በጠራራ ፀሐይም ጃንጥላ ከእጇ አይለይም። ጉልበቷ ላይ የሒሳብ ደብተር ዘርግታ እያንዳንዷን ካሬ በቀስትና በቁጥር ትሞላለች።

«እትዬ፣ ዛሬም ይዘንባል?» አላገጠ ወያላው።

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ያኔ እኔን ሳይሆን መጠለያ ትፈልጋለህ።»

ስልኳ ጮኸ። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት አለቃዋ ነበር፤ ድምፁ ለሀጀርም ይሰማል። የአየር ትንበያው ስለዘገየ ኮምፒዩተሩ የነፋሱን ጉዞ በአንድ አንድ ደቂቃ እርምጃ ከሚያሰላ በአምስት አምስት ደቂቃ እርምጃ ያስላ፣ እምቢ ካሉ ቦታዎን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ይላል።

«ስማኝ ልጄ» አለች ሴትዮዋ በስልኩ። «ሰማዩን እንደ ደብተር በካሬ ከፋፍለነዋል። ነፋሱ በአንድ እርምጃ ካሬ ከዘለለ ስሌቱ ያብዳል። አምና ስትቸኩሉ ቦሌ ላይ ከአውሮፕላን የፈጠነ ነፋስ አወጣችሁ። ወንበሩን ውሰደው፤ እርምጃዬን አላረዝምም።»

ቦሌ ስትደርስ ጃንጥላዋን እንደ ዱላ ይዛ ወረደች።

ሀጀር ከወንድሟ ጋር መንገድ ዳር ሻርፕ ዘርግታ ትሸጣለች። በመስኮት ቀና ብላ አየች፤ ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም። ስልኳን አወጣች።

«ሰዲቅ፣ የዝናቡን ላስቲክ ይዘህ ና» አለችው። «የሚስቅ ይሳቅ።»